“ቆዳዋ የሚለጠጠው ንጹህ ዘር ስለሆነች ነው” ብለው የሚሸጡላችሁን ድመት እንዳትገዙ

ትናንት ማታ የሦስት ወር ድመቴ ጀርባዋ 11 ቦታ ተሰፋ። የነከሳት ውሻ የለም፣ የወደቀችበትም ነገር የለም። ከሶፋ ላይ ላነሳት ስል ቆዳዋ እጄ ላይ ተተረተረ። ደም እንኳ ብዙም አልወጣትም።

ሻጮቹን ታውቋቸዋላችሁ። ቴሌግራም ላይ፣ ነጭ አልጋ ልብስ ላይ ፎቶ፣ “ኦሪጅናል ሂማሊያን፣ የመጨረሻዋ ናት፣ ሌላ ሰው ቀብድ ሊከፍል ነው”። ተጣድፌ 30 ሺህ ብር ላክኩ።

ያንን ቀን ከጭንቅላቴ ማውጣት አልቻልኩም። ሴትየዋ ሰፈሬ ድረስ አመጣችልኝ። ድመቷ ሮዝ ሹራብ ለብሳለች። “ብርድ እንዳይመታት ነው ማሬ” አለችኝ። ከዚያ ማጅራቷ ላይ ያለውን ቆዳ ይዛ ወደ ላይ ሳበችው። እንደ ላስቲክ ተለጠጠ። “አየሽ? የንጹህ ዘር ምልክቱ ይሄ ነው” አለች ፈገግ ብላ። እኔም አመንኳት። ስልኬን አውጥቼ ቪዲዮ ሁሉ ቀረጽኩ! ሹራቡን ግን እስኪ አውልቂው አላልኩም። ቤት ገብቼ ሳወልቀው ጎኗ ላይ ጠባሳ አየሁ። ወንድሞቿ ቧጭረዋት ይሆናል ብዬ አለፍኩት። እንዴት እንደዛ ታወርኩ?

ሐኪሙ ማስመሪያ አወጣ። ተስቦ የቆመው ቆዳ 7 ሴንቲ ሜትር፣ ከጭንቅላቷ ሥር እስከ ጭራዋ መነሻ 25። 7ቱ ለ25 ሲካፈል 28 በመቶ መጣ። ድመት ላይ ከ19 በመቶ ካለፈ ኩቴኒየስ አስቴኒያ የሚባለውን በሽታ ያመለክታል። ቆዳን አጠንክሮ የሚይዘው ኮላጅን ከተፈጥሮው የተበላሸ ነው። ብርቅ በሽታ ነው፤ በዘር ይተላለፋል፣ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ስታክክ የራሷ ጥፍር ሊቀድዳት ይችላል።

ለሻጯ ደወልኩላት። “እናቷም እንዲሁ ናት እኮ፣ ምንም አትሆንም። አንቺ አያያዝ ስለማትችይ ነው” አለችኝ። ታውቅ ነበር! እያወቀች ነው እናቲቱን የምታስወልዳት። ገንዘቤን ስላት ሳቀችብኝና ዘጋችው። ከዚያ ብሎክ አደረገችኝ።

ድመቷን አልመልስላትም። ጥፍሯን ቆርጬላታለሁ፣ የጠረጴዛውን ጠርዝ በፎጣ ጠቅልያለሁ። አሁን እግሬ ሥር ተኝታለች፣ ለማቀፍ እንኳ እየፈራኋት ነው።

በእህቴ ስልክ ቻናሉን አየሁት። ዛሬ ጠዋት ሦስት አዳዲስ ግልገሎች ለጥፋለች። አንዷ ሹራብ ለብሳለች። ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ሹራቡን አስወልቁ፣ እናቷን በአካል አሳዩን በሉ፣ ሐኪም ሳያያት ብር እንዳትልኩ።