የባድሚንተን ራኬት ለወሎ ደጋ፦ ራሱ የከበደ፣ ራሱ የቀለለ ወይስ መካከለኛ?

ደሴ ላይ የባድሚንተን ራኬት ለመግዛት የተነሣ ሰው ምክር የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ ከቪዲዮ ነው። መካሪዎቹም በአብዛኛው ከባሕር ወለል ብዙም በማይርቁ ከተሞች፣ ጃካርታና ኮፐንሀገንን በመሳሰሉት፣ የሚጫወቱ ሰዎች ናቸው። ራሱ (ክሩ የተወጠረበት ክፍል) የከበደ፣ ዘንጉ የጠጠረ፣ ለስማሽ (ከላይ ወደ ታች በኃይል ለሚመታ ምት) የተሠራ ራኬት ያወድሳሉ። ለእነሱ ልክ ሊሆን ይችላል። ደሴ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ነው። የላባ ኳሷን በበረራ ላይ ይዞ የሚያዘገያት አየር ስለሆነ፣ አየሩ ሲሳሳ ኳሷ ትፈጥናለች፤ በልኩ የተመታችው እንኳ የኋላውን መስመር አልፋ ትወድቃለች። ጉልበት ላይ ደጋው ራሱ ያግዘናል፤ የሚያስቸግረን ኳሷን ሜዳ ውስጥ ማስቀረቱና ቶሎ የምትመጣውን ቶሎ መመለሱ ነው። ስለዚህ በዚህ ንጽጽር ውስጥ የምሰጠው ደረጃ ከሌላ ቦታ ካነበቡት ጋር ላይገጥም ይችላል።

ሚዛኑ የት ነው?

ራኬቶችን ከምንም በላይ የሚለያቸው ክብደታቸው የተሰበሰበበት ቦታ ነው። ራኬቱን በአንድ ጣት ላይ አግድም አስቀምጠው ወዲያም ወዲህም ሳያጋድል የሚቆምበትን ነጥብ ይፈልጉ። ከእጀታው ጫፍ እስከዚያ ነጥብ ያለውን ርቀት በልብስ ሰፊ ሜትር ይለኩ። ከ285 ሚሊሜትር በታች ከሆነ ራሱ ቀላል ነው፤ ከ285 እስከ 295 መካከለኛ፤ ከ295 በላይ ከሆነ ራሱ ከባድ ነው። ፋብሪካዎች ድንበሩን በጥቂት ሚሊሜትር ወዲህና ወዲያ ያደርጉታል፤ ለገዢ ግን ይህ ልኬት ይበቃል።

ራሱ የከበደው እንደ መጥረቢያ ነው፦ ክብደቱ ጫፉ ላይ ስላለ አንዴ ከተወነጨፈ በራሱ ኃይል ይወርዳል፣ መልሶ ለማንሣት ግን ጊዜ ይፈጃል። ከታወቁት ራኬት ሠሪዎች የዮኔክስ አስትሮክስ፣ የቪክተር ትረስተር እና የሊኒንግ አክስፎርስ ከዚህ ወገን ናቸው። በቶኪዮና በፓሪስ ኦሊምፒክ በወንዶች ነጠላ ወርቅ ያገኘው ዴንማርካዊው ቪክቶር አክሰልሰን ይጫወትበት የነበረው አስትሮክስ 100 ዜድዜድ የዚህ ቤተሰብ ራኬት ነው። አክሰልሰን ግን ቁመቱ 1.94 ሜትር ነው፤ የእጁም ፍጥነት ከልጅነት ጀምሮ የሠለጠነ ነው። ከሥራ ወይም ከትምህርት በኋላ ለአንድ ሰዓት የሚጫወት ሰው ያንኑ ራኬት ቢገዛ የሚተርፈው የትከሻ ሕመም ነው። ደሴ ላይ ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመራል፦ ወደ ኋላ በረጅሙ ለመላክ የመታት ኳስ ከሚፈልገው በላይ ትሄድበታለች። ጉልበቱን እየቀነሰ መምታት ይጀምራል፤ ጉልበት ለመጨመር የተከፈለበትን ራኬት ጉልበት ቀንሶ መያዝ ደግሞ ትርጉም የለውም።

ራሱ የቀለለው ተቃራኒው ነው። የዮኔክስ ናኖፍሌር፣ የቪክተር አውራስፒድና የሊኒንግ ብሌድኤክስ እዚህ ይመደባሉ። መረቡ አጠገብ ቆሞ ለሚጠልፍ፣ በጥንድ ጨዋታ ከተቃራኒ ወገን የሚወርድበትን ስማሽ ለሚመልስ ሰው ይመቻሉ፤ ራኬቱ ከቀኝ ወደ ግራ በፍጥነት ይዞራል። ብዙ ሻጮች «ይኼ ጉልበት የለውም» ብለው ያጣጥሉታል። እውነታው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ሕንዳዊው ሳትዊክሳይራጅ ራንኪሬዲ በሰዓት 565 ኪሎ ሜትር የሚፈጥን ስማሽ መትቶ የጊነስ ክብረ ወሰን ሲያስመዘግብ በእጁ የነበረው ናኖፍሌር 1000 ዜድ ነበር፤ ራሱ ቀላል ከሚባሉት አንዱ። ፈጣን እጅ ያለው ሰው በቀላል ራስም ይመታል። እጁ ገና ያልፈጠነ ጀማሪ ግን በዚህ ዓይነት ራኬት ኳሷን ከሜዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ማድረስ ይቸግረዋል፤ ያም ቢሆን በደጋው አየር ችግሩ ይቃለላል።

መካከለኛው ላይ የዮኔክስ አርክሴበር፣ የቪክተር ድራይቭኤክስ እና የሊኒንግ ሃልበርቴክ አሉ። ስለእነዚህ ብዙ አይወራም፤ ማስታወቂያ የሚወደው ፍጥነትና ኃይል ነውና። እኔ ግን ለደሴ፣ ለወልዲያ፣ ለላሊበላ ተጫዋች መጀመሪያ የምጠቁመው ይህን ወገን ነው። የኳሷን አቅጣጫ መምረጥ ይቀላል፤ ለማጥቃትም ለመከላከልም አያሳፍርም፤ ሳምንት ሳምንት የጨዋታ አጋሩ ለሚቀያየርበት ሰውም ይስማማል።

ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ኮምቦልቻ ሲደርሱ ከፍታው ከ600 ሜትር በላይ ይቀንሳል። አየሩ በዚያው ልክ ይወፍራል እንዳይባል፣ የኮምቦልቻ ሙቀት ከፊሉን መልሶ ያሳሳዋል። እዚያ የሚጫወት አጥቂ ከደሴው ይልቅ ወደ ከባዱ ራስ ትንሽ ቢጠጋ አልቃወምም። ልዩነቱ ግን ሁለት ራኬት የሚያስገዛ አይደለም።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር፤ ሻጮች አይናገሩትም። እጀታው ላይ ተጨማሪ ጨርቅ ሲጠቀለል ሚዛኑ ይቀየራል። 85 ግራም በሚመዝንና ሚዛኑ 300 ሚሊሜትር ላይ ባረፈ ራኬት እጀታ ላይ 5 ግራም ቢታከል፣ ሚዛኑ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ወደ እጅ ይጠጋል። ራሱ ከባድ ነው ተብሎ የተገዛው መካከለኛ ሆነ ማለት ነው። ከባድ ራስ ያለው ራኬት ገዝቶ የተቸገረ ሰው ሌላ ከመግዛቱ በፊት ይህን ይሞክር።

ዘንጉ፦ የጠጠረ ወይስ የሚለመጥ

ዘንግ ማለት በእጀታውና በራሱ መካከል ያለው ቀጭኑ ክፍል ነው። የሚለመጥ ዘንግ ወደ ኋላ ታጥፎ ሲመለስ ኳሷን ይወረውርልናል፤ እጁ ቀስ ብሎ ለሚወነጭፍ ሰው ውለታ ይውላል። የጠጠረው ምንም አያግዝም፤ በምትኩ የላኩትን ኳስ በላኩበት ቦታ ያደርሳል፤ ግን ፈጣን አንጓ ይፈልጋል። ጠጣር ዘንግ «የባለሙያ ነው» ተብሎ ስለሚሸጥ ጀማሪው ይሸወዳል፤ በቀስታ እጅ የጠጠረ ዘንግ ያለው ራኬት ሲይዙ ኳሷ ከግማሽ ሜዳ አታልፍም፣ ክርንም ይታመማል። መካከለኛ ልምጠት ለአብዛኛው ሰው ትክክል ነው። ሱቅ ውስጥ ለመፈተን በአንድ እጅ እጀታውን፣ በሌላው የራሱን ጫፍ ይዞ በስሱ ማጠፍ ይበቃል፤ ሁለት ሦስት ራኬት በተከታታይ ከሞከሩ ልዩነቱ እጅ ላይ ይታወቃል።

ክብደትና እጀታ

በዮኔክስ ምልክት 3ዩ ማለት ከ85 እስከ 89 ግራም፣ 4ዩ ከ80 እስከ 84፣ 5ዩ ከ75 እስከ 79 ግራም ነው። 4ዩ ይውሰዱ። ለአሥራዎቹ ዕድሜ ልጅ ወይም ትከሻው ለሚያስቸግረው ሰው 5ዩ ይሻላል። 3ዩ በነጠላ ጨዋታ ብዙ የቆየ፣ ጠንካራ ክንድ ያለው ሰው ካልሆነ አያስፈልግም። የእጀታው ውፍረት በጂ ፊደልና በቁጥር ይገለጻል፤ በዮኔክስ ቁጥሩ ሲጨምር እጀታው ይቀጥናል። ጂ5 ገዝቶ በጨርቅ ማወፈር ይቻላል፤ የወፈረውን ማቅጠን ግን አይቻልም።

ማን የትኛውን ይግዛ

በጥንድ ጨዋታ ከኋላ ቆሞ ስማሽ የሚወድ ሰው፦ ራሱ በመጠኑ የከበደ፣ 4ዩ፣ ዘንጉ መካከለኛ። ዮኔክስ አስትሮክስ 88ን በሁለት መልክ ያወጣው ለዚህ ነው፤ 88ዲ ለኋለኛው አጥቂ፣ 88ኤስ ከፊት ሆኖ ለሚያመቻቸው። የስሙ ጭራ ላይ ያለውን ቃል ግን ያንብቡ፦ ፕሌይ፣ ጌም፣ ቱር፣ ፕሮ። በአንድ ስም የሚሸጡት እነዚህ አራት ራኬቶች በቁሳቁስም በዋጋም እጅግ የተራራቁ ናቸው፤ ርካሹ ፕሌይ ነው። በቪዲዮ ፕሮ ሲወደስ ሰምቶ ፕሌይ የገዛ ሰው ሌላ ራኬት ገዝቷል።

ከፊት የሚጠልፍና ብዙ የሚከላከል ሰው ራሱ የቀለለውን ይያዝ፤ ደሴ ላይ ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቀመው እሱ ነው፤ ምክንያቱም ፈጥና በምትመጣው ኳስ ፊት ግማሽ ሰከንድ እንኳ ሀብት ናት። ነጠላ የሚጫወት መካከለኛውን ይምረጥ። ጀማሪም እንዲሁ፣ ዘንጉ ትንሽ እንዲለመጥ ብቻ ይጠንቀቅ።

በከረጢት ሁለት ሁለት ሆነው የሚሸጡት የብረትና የአሉሚኒየም ራኬቶችስ? ራሱ ከዘንጉ ጋር የተገጠመበት ቦታ ላይ ጎልቶ የሚታይ መጋጠሚያ አላቸው፤ አብዛኞቹም ከ100 ግራም ይበልጣሉ። በበዓል ቀን ግቢ ውስጥ ገመድ ወጥሮ ከልጆች ጋር ለመሳቅ ምንም አይሉም። በሳምንት ሁለት ቀን ለሚጫወት ሰው ግን ገንዘብ ማባከን ናቸው፤ ከሁለቱ ይልቅ ከራስ እስከ እጀታ ወጥ የሆነ አንድ የካርቦን ራኬት፣ ስሙ ያልታወቀ ፋብሪካ የሠራው እንኳ ቢሆን፣ ይበልጣል።

የታወቀ ስም ያለበት ራኬት በጣም ረክሶ ከቀረበልዎ ተመሳስሎ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ወርቅ ቤት ጎራ ብለው ያስመዝኑት። 4ዩ ተብሎ የተጻፈበት ራኬት ክርና የእጀታ ጨርቅ ተጨምሮበትም ከ100 ግራም ካለፈ ጽሑፉ ውሸት ነው። ዮኔክስ መለያ ቁጥር ያትምበታል፤ የተፋቀ ወይም የሌለ ከሆነ ይተዉት።

ክርና ኳስ፦ ከራኬቱ እኩል የሚያስወጡ

ውድ ራኬት ይዞ መጥፎ ክር የወጠረ ሰው ርካሹን በጥሩ ክር በያዘ ሰው ይበለጣል። የክሩ ውጥረት በፓውንድ ይለካል፤ ከ20 እስከ 24 ለጀማሪና ለመካከለኛ ተጫዋች ይበቃል። ባለሙያዎቹ 28ና 30 የሚያስወጥሩት መሐሉን በትክክል ስለሚመቱ ነው፤ ሌላው ሰው ሲሞክረው ኳሷ አትነጥርለትም፣ ክሩም ቶሎ ይበጠሳል። ውፍረቱ 0.70 ሚሊሜትር የሆነው የዮኔክስ ክር ቢጂ65 ለረጅም ጊዜ ይቆያል፤ 0.65 የሆነው ቢጂ66 አልቲማክስ ደስ የሚል ድምፅና ንጥረት አለው፣ ዕድሜው ግን አጭር ነው። ክር በማሽን የሚወጥር ሰው ቅርብ ካልሆነ ወፍራሙን ይምረጡ። ከመግዛትዎ በፊትም ያንን ሰው ያፈላልጉ፤ ክሩ የተበጠሰ ራኬት ግድግዳ ላይ ከመሰቀል በቀር ሥራ የለውም።

ኳስ ሲገዙ ደሴ ብርድ ስለሆነች ለብርድ የሚመከረውን ፈጣን ኳስ እንዲወስዱ የሚመክር ይኖራል። የናይለን ኳሶች ወገባቸው ላይ ባለው ቀለም ይለያሉ፦ አረንጓዴ ዘገምተኛ፣ ሰማያዊ መካከለኛ፣ ቀይ ፈጣን። ፋብሪካው ቀለሙን የሚመድበው በሙቀት ነው፤ ለሞቃት ቦታ አረንጓዴ፣ ለቀዝቃዛ ቀይ። ነገር ግን የ15 ዲግሪ ልዩነት የአየሩን ውፍረት የሚቀይረው ከመቶ አምስት ያህል ብቻ ነው፤ የደሴ ከፍታ ግን ከመቶ ሃያ በላይ ይቀንሰዋል። ስለዚህ ብርዱ ምንም ቢበረታ አረንጓዴውን ይግዙ። የላባ ኳስ ከሆነ ፍጥነቱ በቁጥር ተጽፏል፤ ከ75 እስከ 79 ካሉት ዝቅተኛውን ይያዙ።

መፈተኛውም በጨዋታው ሕግ ውስጥ አለ። ከኋላው መስመር ላይ ቆመው ኳሷን ከታች ወደ ላይ በሙሉ ጉልበት ይምቷት። በወዲያኛው ወገን ከኋላው መስመር ከ53 እስከ 99 ሴንቲሜትር ቀርቷት ከወደቀች ፍጥነቷ ልክ ነው። መስመሩን አልፋ ከሄደች ኳሷን ይቀይሩ፤ ራኬቱን አይደለም። ሙከራው ጣሪያ ባለው አዳራሽ ውስጥ ይሁን፤ ሜዳ ላይ ከሆነ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ሳይነሣ፣ ጠዋት በማለዳ።