የጎማ መብራት «አጠፋልሃለሁ» ለሚል ሰው ገንዘብ አትክፈሉ

ባሕር ዳር ያላችሁ ወገኖች፣ ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና ልትገዙ ያሰባችሁ ወይም የጎማ ንፋስ መብራት በርቶባችሁ ከጋራዥ ጋራዥ የምትዞሩ ሁሉ፣ ገንዘብ ከኪሳችሁ ሳይወጣ ይቺን አንብቡ። መብራቱን ብቻ አጥፍተው «ተሠርቷል» የሚሉ ሰዎች አሉ። ጎማው ግን እንደነበረ ነው።

የእህቴ ባለቤት መኪናውን የገዛው በደላላ ነው። ሲረከብ ስክሪኑ ላይ አራቱም ጎማ 36 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ይላል፣ አንድም መብራት አልበራም። ወደ ጎንደር ስንወጣ ወረታ ሳንደርስ መኪናው ወደ ቀኝ ይጎትት ጀመር። ወርደን ስናይ የፊት ቀኝ ጎማ ቸርኬው ላይ ተኝቷል፤ ጎኑ ተፈጭቶ ብናኙ እንደ ጥቁር አዝሙድ በእጅ ይዘገናል። ስክሪኑ አሁንም 36 ይላል! ቅያሪ ጎማ የለውም፤ የንፋስ መሙያውን ፍለጋ የኋላውን ምንጣፍ ስናነሳ በአሮጌ ፎጣ የተጠቀለለ ነጭ የውሃ ቧንቧ አገኘን። ሁለቱም ጫፍ ተደፍኗል፣ በአንዱ በኩል የጎማ ቫልቮላ ተሰክቶበታል። ሲያወዛውዙት ውስጡ ኳ ኳ ይላል። በየጎማው ውስጥ ሆነው ንፋሱን እየለኩ ለመኪናው በሞገድ የሚነግሩት አራቱም ሴንሰሮች ከጎማ ወጥተው፣ እዚያ ውስጥ ታሽገው፣ ንፋስ ተሞልቶባቸው ነበር። መኪናው ሲያነብ የከረመው የቧንቧውን ንፋስ ነው። ቤተሰብ ጭኖ በሚሄድ መኪና ላይ እንዲህ የሚያደርግ ሰው ምን ዓይነት ልብ እንዳለው አላውቅም።

ጎሚስታው ጎማዎቹን ሲፈታ ነገሩ ገባን። ሁለቱ ውስጥ ካላማዳሪያ ገብቷል። ሴንሰሩ ከቫልቮላው ጋር የተያያዘ ስለሆነ ካላማዳሪያ ሲገባ የግድ ይወጣል፤ ሲወጣ መብራቱ ይበራል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ከገዢ መደበቂያ ነው።

የኤሌክትሪክ መኪና ላይ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ወለሉ ሥር ያለው ባትሪ ከባድ ስለሆነ እንደ ፎልክስዋገን አይዲ ፎር ያሉት ከ2000 ኪሎ በላይ ይመዝናሉ፤ ንፋስ ያነሰው ጎማ ያን ሁሉ ተሸክሞ ሲሮጥ ጎኑ ይግላል፣ ከዚያ ሊፈነዳ ይችላል። ቻይና በሀገሯ የሚመረቱ የቤት መኪኖች ሁሉ የጎማ ንፋስ መቆጣጠሪያ እንዲኖራቸው እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በሀገራዊ ስታንዳርድ ያስገደደችው በከንቱ አይደለም።

ሌላው ማታለያ «አራቱም ሴንሰር ሞቷል፣ ይቀየር» የሚለው ነው። ሴንሰሩ ውስጥ ያለችው ትንሽ ባትሪ ተደፍና ስለምትመጣ ለብቻዋ አትቀየርም፣ ስታልቅ ሴንሰሩ ነው የሚቀየረው። ይሄ እውነት ነው። ግን ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ዓመት ትቆያለች። የሁለት የሦስት ዓመት መኪና ላይ አራቱ በአንድ ቀን ሞቱ ካሏችሁ አትመኑ። አራቱም በአንዴ ዝም ካሉ መጀመሪያ የሚታየው የሴንሰሮቹን ሞገድ የሚቀበለው ዕቃ፣ ፊውዙና ትንሿ የ12 ቮልት ባትሪ ነው። እሷ ስትደክም ክሩስኮቱ ላይ የማይበራ መብራት የለም። የምትገዙት ሴንሰርም ከመኪናችሁ ጋር በሞገድ መግጠም አለበት፤ 433 ሜጋኸርዝ የሚቀበል መኪና ላይ 315 ቢገጠም መቼም አይሰማውም። አዲሱ ብሉቱዝ የሆነባቸው መኪኖችም አሉና ከመለዋወጫ ሻጩ «ሁሉም ላይ ይሠራል» የሚል መልስ አትቀበሉ።

ደግሞ መብራቱን ራሳችሁ አንብቡት። መኪናው ሲነሳ አንድ ደቂቃ ያህል ብልጭ ድርግም ብሎ ከዚያ ሳይጠፋ እንደበራ ከቀረ ብልሽቱ ሲስተሙ ላይ ነው። ከመጀመሪያው ብልጭ ድርግም ሳይል ከበራ ግን ንፋስ ጎድሏል ማለት ነው። ታኅሣሥና ጥር ላይ ጠዋት በርቶ ረፋድ ላይ የሚጠፋባችሁ አላችሁ አይደል? የጣና ዳር ሌሊት ሲበርድ የጎማ ንፋስ በየ5 እና 6 ዲግሪው 1 ፒኤስአይ ገደማ ይወርዳል። ለዚህ የሚያስፈልገው ጎሚስታ ጋ ጎራ ብሎ፣ ጎማው ሳይግል፣ በሾፌሩ በር ጎን በተለጠፈው ልክ ማስሞላት ነው እንጂ ሴንሰር መግዛት አይደለም።

መኪና ስትገዙ ይሄን ሳታደርጉ ቀብድ አትስጡ፦ ከአንዱ ጎማ 10 ፒኤስአይ ያህል አስተንፍሱና ጥቂት ደቂቃ ንዱት፣ ሴንሰሩ ቆሞ ሲውል ይተኛልና። የዚያ ጎማ ቁጥር መውረድ፣ መብራቱም መብራት አለበት። ቁጥር የማያሳዩ፣ በኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ በሚያደርገው ሲስተም) በኩል የጎማውን ዙር ፍጥነት ብቻ የሚያወዳድሩ መኪኖች ትንሽ ረዘም ያለ መንገድ ይፈልጋሉና ታገሡ። ሻጩ «ምን አደከመህ፣ ይሄው ስክሪኑ» ካለ ቁልፉን መልሱለት። አራት ጎማ ጠዋትም ቀትርም፣ ፀሐይ ላይም ጥላ ላይም፣ አንድ ዓይነት ቁጥር ካሳየም እንደዚያው።

ጋራዥ ከሆነ የሠራችሁት ደረሰኝ ተቀበሉ፣ የተገጠመው ሴንሰር ዓይነትም ይጻፍበት። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 ጉድለት ሲገኝ መብት ይሰጣችኋል፣ ያለ ማስረጃ ግን ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ምን ታሳያላችሁ?

ቧንቧውን መኪናችሁ ውስጥ ካገኛችሁት አትጣሉት። ንፋሱን በቫልቮላው አስተንፍሳችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ በጥንቃቄ ይቆረጥ፤ ውስጡ ያሉት የመኪናው የራሱ ሴንሰሮች ናቸው፣ ኮምፒውተሩም ያውቃቸዋል። የእህቴ ባለቤት ሦስቱን መልሶ አስገጥሟል፤ የአራተኛው ቫልቮላ ተሰብሮ ስለነበር እሱን ብቻ ገዛ። ጎሚስታው ጎማውን ከቸርኬው ሲያላቅቅ ማሽኑ ቫልቮላው አጠገብ እንዳያርፍ አጠገቡ ቆማችሁ ንገሩት፣ ብዙዎቹ የሚሰበሩት እዚያ ላይ ነው።