ዘ ኦውፉል ትሩዝ ወይስ ዘ ፊላደልፊያ ስቶሪ፦ የቱን ልግዛ?

ሁለቱም ጥቁርና ነጭ የሆሊውድ ኮሜዲ ናቸው። በሁለቱም ኬሪ ግራንት ባል ነው፤ የናጠጡ ሀብታሞች ይፋታሉ፣ መጨረሻ ላይ ይታረቃሉ። መማገጥን የሚያዩበት ዓይን ግን ለየቅል ነው። አንዱን ብቻ የምትገዙ ከሆነ የ1937ቱን ዘ ኦውፉል ትሩዝ ግዙ።

ባልየው ፍሎሪዳ ሰነበትኩ ብሎ ለሚስቱ ብርቱካን ይዞ ይመጣል፤ ብርቱካኑ ላይ ግን ካሊፎርኒያ የሚል ማህተም አለ። እሷም፣ አይሪን ደን ናት፣ ከሙዚቃ አስተማሪዋ ጋር ውጭ አድራ መኪና ተበላሽቶብን ነው ትላለች። ማን ምን እንዳደረገ ፊልሙ ቁርጡን አይነግረንም። እኔ በጣም የምወደው ይሄንን ነው፤ ጥፋቱን አንዱ ላይ ሳይከምር፣ መተማመን ከቤት ሲወጣ ትዳር ምን እንደሚሆን በሳቅ እያፈረሰን ያሳያል። ፍቺው የሚጸናው ከ90 ቀን በኋላ ስለሆነ በዚያ መሀል አንዱ የሌላውን አዲስ ፍቅር ሲያበላሽ ይከርማል። በውሻቸው እንኳን ፍርድ ቤት ይካሰሳሉ! ዳይሬክተሩ ሊዮ ማኬሪ ብዙውን ነገር ተዋንያኑን እዚያው እያስፈለሰፈ ነው የቀረፀው፤ ኦስካርም ወስዶበታል። ርዝመቱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው።

ዘ ፊላደልፊያ ስቶሪ (1940) ከቲያትር የመጣ ስለሆነ ንግግሩ የበለጠ የተሳለ ነው። ካትሪን ሄፕበርን ሁለተኛ ባሏን ልታገባ ስትል የቀድሞው ከች ይላል። ጋዜጠኛ ሆኖ የሚሠራው ጄምስ ስቱዋርት ሰክሮ የሚያወራበትን ሌሊት ለማየት ብቻ ቢገዛ አያስቆጭም፣ ኦስካር ያገኘው በዚሁ ፊልም ነው። ግን የሙሽራይቱ አባት ከዳንሰኛ ጋር ማግጦ ሲያበቃ ጥፋቱን ልጁ ላይ ይደፈድፋል፣ ፍቅር ስለነፈገችኝ ነው ይላል፤ ፊልሙም ከእሱ ጎን ይቆማል። ይሄ እኔን አይዋጥልኝም። ገና ሲጀምር ባልየው ፊቷን ገፍትሮ ሲጥላትም እንድንስቅ ነው የሚፈለገው።

የ1956ቱ ሃይ ሶሳይቲ ይኸው የፊላደልፊያው ታሪክ በቀለምና በዘፈን ነው። ግሬስ ኬሊና ሉዊ አርምስትሮንግ አሉበት። ለዘፈኑ ከሆነ ግዙት፣ ቀልዱ ግን ቀዝቅዟል።

ሁለቱንም የቆዩ ፊልሞች ክራይቴሪየን የተባለው የአሜሪካ ፊልም አሳታሚ አድሶ በብሉሬይ ዲስክ አውጥቷቸዋል። ወሬያቸው ፈጣን ስለሆነ የእንግሊዝኛ ጽሑፉን አብሩት። ብሉሬይ ዲስክና ማጫወቻ በዓለም ክፍል (ሪጅን) ተለይተው ነው የሚሠሩት፦ የአሜሪካው እትም የሚሠራው በሪጅን ኤ ማጫወቻ ነው፤ የኢትዮጵያ፣ የአውሮፓና የእስራኤል ግን ሪጅን ቢ ነው። ከአሜሪካ ለሚመጣ ዘመድ ከማዘዛችሁ በፊት ማጫወቻችሁን እዩ።