ከወንበሬ ሥር የማይጠፋው ባይኖኩላር

ቨርጂኒያ ታክሲ እነዳለሁ። ደለስ ኤርፖርት ተራ ስጠብቅ አንዳንዴ ሁለት ሰዓት ይሄዳል። ሌላው ስልኩን ይነካካል፣ ያወጋል፣ ያንቀላፋል። እኔ ከወንበሬ ሥር ባይኖኩላሬን፣ ሩቁን አቅርቦ የሚያሳየውን የሁለት ዓይን መመልከቻ፣ አውጥቼ ሰማይ አያለሁ። ማስታወቂያም ሐሜትም እንዳይሆንብኝ የፋብሪካውን ስም አልጠራም።

ዓይነቱ 10 በ50 የሚባለው ነው። አሥር እጥፍ ያቀርባል፤ የፊተኛው መስታወት ስፋት ደግሞ 50 ሚሊሜትር ነው። ለሰማይ ዋናው ሁለተኛው ቁጥር ነው፤ መስታወቱ በሰፋ ቁጥር ብዙ ብርሃን ይሰበስባል። የገዛሁት 110 ዶላር ነው። ክብደቱ ወደ 900 ግራም። ቀላል ይመስላል፣ ግን አንጋጣችሁ ሁለት ደቂቃ ያዙትና ንገሩኝ። ኮከቡ እስክስታ ይመታል! እኔ ክርኔን የመኪናው ጣሪያ ላይ አስደግፌ ነው የማየው።

የገንዘቤን ዋጋ ያገኘሁት ኦክቶበር 2024 ላይ ነው። ቹቺንሻን አትላስ የተባለው ጅራታም ኮከብ በ12ኛው ቀን በ71 ሚሊዮን ኪሎሜትር ገደማ በአጠገባችን አለፈ። 14፣ ሰኞ ዕለት፣ ፀሐይ ከገባች 45 ደቂቃ ያህል ቆይቼ ምዕራቡን ማሰስ ጀመርኩ። በባዶ ዓይን ብፈልግ ብፈልግ አጣሁት፤ የኤርፖርቱ መብራት ውጦታል። በባይኖኩላር ግን ከቬነስ በስተቀኝ ከፍ ብዬ ሳስስ ዘው ብሎ ገባ። ራሱ ጉም ውስጥ እንዳለ ኩራዝ፣ ጅራቱ ወደ ላይ የተበተነ።

«ጋሼ፣ ምን እያዩ ነው?» አለኝ አንዱ ወጣት ሹፌር።

«ና፣ ሳይጠልቅ እይ።»

አየና ዝም አለ። ቆይቶ «አያቴ ይሄ ሲወጣ ንጉሥ ይሞታል ትል ነበር» አለኝ። የአሜሪካ ምርጫ ሦስት ሳምንት ነበር የቀረው። ባይኖኩላሩ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ተራ ጠባቂው ሁሉ ሟርተኛ ሆነ።

ከሳምንት በኋላ ጨረቃ ዘግይታ ስትወጣ ሸናንዶዋ ተራራ ላይ ሄጄ ደግሜ አየሁት። ደብዝዞ ነበር፣ ጅራቱ ግን ጨለማ ውስጥ ሌላ ነገር ሆኖ ጠበቀኝ።

አሁን ወደ ወቀሳው። መነጽር ለምታደርጉ ይሄ ዕቃ አይመችም። ዓይናችሁ ከመስታወቱ ስለሚርቅ የምታዩት መሐሉን ብቻ ነው። እኔ መነጽሬን አውልቄ በማስተካከያው እሞላዋለሁ። ማንገቻው ቀጭን ነው፣ አንገት ይቆርጣል። የቀኝ ዓይን ማስተካከያውም በሦስተኛው ወር ላላብኝ፤ በፕላስተር አሰርኩት።

«ቴሌስኮፕ አይሻልም?» ለምትሉ፣ ጆርጅ አልኮክ የሚባል እንግሊዛዊ መምህር ነበር። አምስት ጅራታም ኮከቦችና አምስት ኖቫዎች፣ ማለትም በድንገት ፈንድተው የሚደምቁ ኮከቦች፣ አግኝቷል። በ1983 አንዱን ጅራታም ኮከብ ያገኘው ቤቱ ውስጥ ሆኖ፣ በተዘጋ መስኮት፣ በባይኖኩላር ነው! እርግጥ የእሱ ከእኔ ይተልቃል። ደግሞም በሺህ የሚቆጠሩ ኮከቦችን ቦታ በቃሉ ያውቅ ነበር። ያንን ማንም ሱቅ አይሸጥም።

ሱፐርኖቫ፣ ማለትም ኮከብ ሲሞት የሚፈነዳው ታላቁ ፍንዳታ፣ ካማራችሁ ግን በዚህ ዕቃ አትድከሙ። ብዙውን ጊዜ የሚፈነዳው ሌላ ጋላክሲ፣ ሩቅ የኮከቦች መንደር፣ ውስጥ ነው። በ2023 በኤም 101 ጋላክሲ የታየው እንኳ፣ ስንት የተወራለት፣ በጣም በደመቀበት ሰሞንም የቴሌስኮፕ ሥራ ነበር።

እኔ የምጠብቀው ኖቫ ነው። የሰሜን አክሊል በተባለው የኮከቦች ግማሽ ክብ ዳር ቲ ኮሮና ቦሪያሊስ የምትባል አለች። አንዲት የሞተች ትንሽ ኮከብ ከግዙፍ ቀይ ጎረቤቷ ጋዝ ትስባለች። ጋዙ ላይዋ ላይ ይከማችና በመጨረሻ ይፈነዳል። በ1866 ፈነዳች፣ በ1946 ደገመች። ስትፈነዳ ለጥቂት ቀናት ያለ ምንም መሣሪያ ትታያለች። በአዘቦቱ ግን ለእኔ ባይኖኩላር ከአቅሙ በላይ ናት፤ ቨርጂኒያ መብራት ሥር ጭራሽ አትታይም። ስለዚህ በጋውን ሙሉ የማየው ባዶ ቦታ ነው። ባለቤቴ «ዛሬስ?» ትለኛለች፤ «የለችም» እላለሁ።

ያ ወጣት ሹፌር ከእኔ በልጦ 15 በ70 ገዛ። አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ነው፣ ያለ ትሪፖድ፣ ያለ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ፣ አይያዝም። ትሪፖድ አልገዛም። ተራ ስንጠብቅ አሁንም የእኔን ይዋሳል።