ፕሮክስሞክስ፦ የኔትወርክ ካርድ አሰያየሙና የብሪጅ አያያዙ ሲገመገም

በአንድ ሰርቨር ላይ ብዙ ቨርቹዋል ማሽኖችን (በሶፍትዌር የተሠሩ ኮምፒውተሮችን) ስለሚያስኬደው ሶፍትዌር፣ ስለ ፕሮክስሞክስ፣ ሲወራ ብዙ ጊዜ የማይነሳ አንድ ትልቅ ጥቅም አለ፤ ለማሽኖቹ የኔትወርክ ካርዶች የሚያወጣው ስም። የማሽን 104 ሁለተኛ ካርድ በሰርቨሩ ላይ ታፕ104አይ1 ይባላል። 104 የማሽኑ ቁጥር ነው፣ 1 ደግሞ የካርዱ፤ ቆጠራው ከ0 ይጀምራል። ማሽኑ ጠፍቶ ቢነሳም ስሙ አይለወጥም። ቨርቹዋል ማሽኖችን የሚያስተዳድረው ሌላው ሶፍትዌር ሊብቨርት ግን ካልተነገረው በቀር ቪኔት0፣ ቪኔት1 እያለ በአነሳስ ተራ ስለሚሰይም ስሙን አይቶ የማንኛው ማሽን እንደሆነ ማወቅ አይቻልም። በማሽኑ የቅንብር ፋይል (ኤክስኤምኤል) ላይ የራስን ስም መጻፍ ይቻላል፤ በቪኔት የሚጀምር ከሆነ ግን ሊብቨርት ችላ ሊለው ይችላል።

ፋየርዎል (የኔትወርክ ትራፊክ ማጣሪያ) ያልበራለት ታፕ፣ ማለትም የማሽኑ ካርድ በሰርቨሩ በኩል ያለው ጫፍ፣ በቀጥታ ቪኤምቢአር0 በተባለው ብሪጅ (ካርዶችን እንደ ስዊች የሚያገናኝ) ላይ ይሰካል። ሲበራ መሃል ላይ ሌላ ብሪጅ ይገባል፦ ታፑ ኤፍደብሊውቢአር104አይ1 ላይ ይሰካል፣ ከዚያ ኤፍደብሊውኤልኤን104አይ1 እና ኤፍደብሊውፒአር104ፒ1 የተባሉ ጥንድ ጫፎች ወደ ቪኤምቢአር0 ያደርሱታል። ለአንድ ካርድ አራት ስም መብዛቱ መጀመሪያ ያደናግራል፤ ብልሽት ሲፈለግ ግን ዋጋው ይታያል። ወደ ማሽኑ የሚመጣ ፓኬት በቲሲፒዳምፕ (የኔትወርክ ትራፊክ ማያ መሣሪያ) ሲታይ ኤፍደብሊውፒአር ላይ ደርሶ ታፑ ላይ ካልታየ፣ መንገድ ላይ የጣለው ፋየርዎሉ ነው። (ስሞቹ እንዲህ ያጠሩት ሊኑክስ ለኢንተርፌስ ስም ከ15 ሆሄ በላይ ስለማይፈቅድ ነው።)

ማሽኑ ውስጥ ያለው ስም ሌላ ጉዳይ ነው። እዚያ ስሙን የሚወስነው የፒሲአይ ቦታው (ካርዱ የተሰካበት ማስገቢያ) ነው፤ በተለመደው አይ440ኤፍኤክስ የማሽን ዓይነት (ማሽኑ የሚመስለው ማዘርቦርድ) የመጀመሪያው ካርድ ኢኤንኤስ18 ይሆናል። ዓይነቱን ወደ ኪው35 ሲቀይሩት ኢኤንፒ6ኤስ18 ስለሚባል፣ በድሮው ስም የተጻፈው የአይፒ ቅንብር ሥራ ላይ አይውልም። ስለዚህ ከመቀየር በፊት ቅንብሩን በማክ አድራሻ (በካርዱ መለያ ቁጥር) ማሰር ይሻላል።

ትልቁ ድክመት ያለው ከታች፣ በሰርቨሩ እውነተኛ ካርድ ላይ ነው። አዲስ የፒሲአይ ካርድ ሲጨመር ኢኤንፒ3ኤስ0 የነበረው ኢኤንፒ4ኤስ0 ሊሆን ይችላል። ቪኤምቢአር0 የድሮውን ስም ስለሚጠብቅ ብሪጁ ያለ ገመድ ይቀራል፤ ሰርቨሩም ማሽኖቹም ከኔትወርክ ይወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ፕሮክስሞክስ 9.0 ካርዶቹን ኒክ0፣ ኒክ1 ብሎ በቋሚነት የሚሰይም መሣሪያ ይዞ መጥቷል። ለውጡ የሚጸናው ሰርቨሩ እንደገና ሲነሳ ስለሆነ፣ ከሩቅ የሚያስተዳድር ሰው ኮንሶል (በሰርቨሩ ኔትወርክ ላይ ያልተመሠረተ መግቢያ) በእጁ ሳይኖር አይሞክረው።