ፕሮቴክተር ለምትለጥፈው እህታችን ከስክሪን ቀያሪዎች የተላከ ምስጋና

እኛ ስክሪን የምንቀይር ሰዎች ነን። እንጀራችን የተሰበረ መስታወት ሆኖ ሳለ፣ ስክሪን ላይ ፕሮቴክተር፣ ማለትም መከላከያ ሽፋን፣ እየለጠፈች መስታወት እንዳይሰበር የምትደክምን ሰው ማመስገናችን የሚያስቀው ይኖር ይሆናል። ይሁን እንጂ ስልክም ሆነ ታብሌት አዲስ ስክሪን ገጥመንለት ስናስረክብ ባለቤቱን የምንልከው ወደ እሷ ነው። ለምን እንደሆነ ሥራውን ቆጥረን ብንናገር ይሻላል፤ «ጎበዝ ናት» ማለት ብቻውን ለማንም አይጠቅምም።

የምትለጥፈውን ፊልም፣ ማለትም ስሱን መከላከያ፣ በእጇ ከመያዟ በፊት ስልኩን ወይም ታብሌቱን ትመረምራለች። ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አስተኝታ፣ መብራት ከጎን አብርታ፣ ስክሪኑ ከጠርዙ ተነስቶ እንደሆነ ታያለች። ከተነሳ ባትሪው አብጦ ሊሆን ይችላል፤ ፊልም ሲለጠፍ መጫን ግድ ስለሆነ፣ ያበጠ ባትሪ ላይ መጫን ደግሞ አደጋ ስለሆነ፣ ሳትነካው ወደ እኛ ትመልሰዋለች። ታጣፊ ስልክም ከመጣ የፋብሪካውን ሽፋን አትልጥም። እ.ኤ.አ. በ2019 የመጀመሪያው የሳምሰንግ ታጣፊ ስልክ፣ ጋላክሲ ፎልድ፣ ለገምጋሚዎች ሲሰጥ፣ አንዳንዶቹ ያንን ሽፋን ተራ ፕሮቴክተር መስሏቸው ልጠው ስክሪኑ ተበላሽቶባቸዋል፤ ሳምሰንግም ሽያጩን ለማዘግየት ተገዷል። ሽፋኑ የስክሪኑ አካል ነው።

አብዛኛው ጊዜዋ የሚያልቀው በማጽዳት ነው። ስክሪኑ እንዲጠቁር ዕቃውን ታጠፋለች፤ አቧራ በጥቁር መስታወት ላይ ጎልቶ ይታያላ። 70 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል የምታፈሰው ጨርቁ ላይ እንጂ ስክሪኑ ላይ አይደለም፤ ምክንያቱም ፈሳሹ በድምፅ ማጉያው ቀዳዳ ይገባል። ደጋግማም አታሽም፤ የጣት ቅባት እንዳይዝ ፋብሪካው የቀባው ስስ ሽፋን በአልኮል ብዛት ይለቃል። ቀጥሎ ደረቅ የማይክሮፋይበር ጨርቅ፣ በመጨረሻ አቧራ የሚያነሳ ተለጣፊ። ማራገቢያ ይጠፋል፤ ሹራብ የለበሰ ሰው ጠረጴዛው አጠገብ አይቆምም። መርጫ ጠርሙስ ይዛ አየሩ ላይ ውሃ ስትነፋ ያየ ሰው ግራ ይገባው ይሆናል፣ ግን የሚንሳፈፈው አቧራ በውሃው ከብዶ መሬት ይወርዳል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የመጣው ግላስ፣ ማለትም ከመስታወት የተሠራው ፕሮቴክተር፣ ግትር ስለሆነ ነው። በአንዲት ብናኝ ዙሪያ መታጠፍ አይችልም፤ ብናኟ ከስር ድንኳን ትተክላለች፣ ከራሷ ብዙ እጥፍ የሚሰፋ የአየር ክብም ትፈጥራለች።

ግላሱ ከስር ያለው ላስቲክ ሳይላጥ አስቀድሞ በልኩ ይቀመጣል። መነሻ የምታደርገው የፊት ካሜራውን እንጂ የስልኩን ጠርዝ አይደለም። በአንዱ ረጅም ጎን ሁለት ቦታ በቴፕ ታስርና እንደ መጽሐፍ ገጽ ትገልጠዋለች፤ ላስቲኩን ልጣ ስትመልሰው ሌላ ቦታ ሊያርፍ አይችልም። ታብሌት ላይ ይህ ግዴታ ነው፤ ባንዱ ጫፍ ግማሽ ሚሊሜትር የሳተ በሌላው ጫፍ በዓይን የሚታይ ክፍተት ሆኖ ይወጣል። ላስቲኩ ሲላጥ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ስለሚፈጠርና አቧራ ስለሚስብ፣ ልጦ ማሰብ የለም፤ ወዲያው ይወርዳል። ከወረደ በኋላ መሃሉን አንዴ በጣት ነካ አድርጋ ትተወዋለች፤ ሙጫው ራሱ እየተንሸራተተ ይይዛል።

ቲፒዩ ከሚባል የሚለጠጥ ፕላስቲክ የተሠራው የለስላሳው ፊልም ጉዳይ ሌላ ነው። በእርጥብ ይለጠፋል። ግማሽ ሊትር የተጣራ ውሃ ላይ ጥቂት የሕጻን ሻምፖ ጠብታ፤ ሳሙናው ከበዛ ሙጫውን ያደክማል፣ ካነሰ ፊልሙ የነካበት ቦታ ይይዝና አይንቀሳቀስም። ቀዳዳዎቹ ሁሉ አስቀድመው በቴፕ ይሸፈናሉ። ውሃው የሚረጨው ጣቷና የፊልሙ ሙጫ ላይ ነው፤ ዕቃው ላይ ፈጽሞ አይረጭም። በጨርቅ የተጠቀለለ የፕላስቲክ ካርድ ይዛ ከመሃል ወደ ጠርዝ ትገፋለች፤ እያንዳንዱ ግፊት የቀደመውን በግማሽ ይሸፍናል። ጠርዙን ለመጨረሻ ትታ ከ10 ወይም 15 ደቂቃ በኋላ ትመለስበታለች፤ ቀድሞ የተጫነ እርጥብ ጠርዝ ተመልሶ ይነሳል። ከዚያ በኋላ ስልኩ ከ12 እስከ 24 ሰዓት አይበራም፣ ቻርጅም አይደረግም።

ደንበኛ በብዛት የሚሟገታት ከዚህ በኋላ ነው። ወተት የመሰለ ጭጋግና ትናንሽ የውሃ አረፋዎች በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጠፋሉ። መሃሉ ላይ ነጥብ የሚታይበት አረፋ ግን አቧራ ነው፣ ቢጠብቁትም አይጠፋም። በመርፌ መውጋት ቀዳዳ ከመጨመር በቀር የሚያመጣው የለም። የእሷ ዘዴ ቅርብ ያለውን ጠርዝ በቴፕ አንስታ፣ በሌላ ቁራጭ ቴፕ ብናኟን ከስር ለቅማ መልሶ ማስተኛት ነው፤ ሙጫውን በጣት አትነካም።

ስለ ፕሮቴክተሮቹ የምትናገረው እውነት ለእኛ ከእጅ ሙያዋ ይበልጣል። ግላስ ላይ የሚጻፈው «9ኤች» የሚለው ጽሑፍ በእርሳስ ጥንካሬ መለኪያ የተሰጠ ነው፤ ማዕድን ከሚለካበት የሞህስ ሚዛን ጋር አይገናኝም። ስለዚህ ኪስ ውስጥ ያለ አሸዋ ግላሱን ይጭረዋል፣ ይህንኑም ሳትደብቅ ትነግራችኋለች። ቲፒዩ ከጭረት ያድናል፣ ከመውደቅ ግን ብዙም አያድንም። በብዕር ታብሌት ላይ ለሚጽፍ ማት የሚባለው የማያብለጨልጭ ፊልም ወረቀት ወረቀት ይላል፤ ነጭ ገጽ ላይ ግን አሸዋማ ያስመስላል፣ የብዕሩንም ጫፍ ቶሎ ይበላል። ከጎን እንዳይታይ የሚያደርገው ፊልም ስክሪኑን ያደበዝዛል፣ ብርሃን ስትጨምሩ ባትሪ ይሄዳል።

የጣት አሻራ ማንበቢያው በስክሪኑ ስር ከሆነ ወፍራም ግላስ ይከለክለዋል፤ ቀጭን ፊልም ትመርጥላችሁና ከተለጠፈ በኋላ አሻራውን እንደ አዲስ ታስመዘግባችኋለች። በዩቪ (አልትራቫዮሌት) መብራት በሚደርቅ ፈሳሽ ሙጫ ግላስ የምትለጥፈው አልፎ አልፎ ብቻ ነው፣ እኛም እንደግፋታለን። ያ ፈሳሽ ድምፅ ማጉያና ቁልፍ ውስጥ ገብቶ ከደረቀ የሚያወጣው የለም ማለት ይቻላል፤ ሌላ ቦታ ተሠርቶ የመጣ እንዲህ ያለ ስልክ ጠረጴዛችን ላይ ደጋግሞ ይቀርባል።

የተሰነጠቀ አሮጌ ግላስ ስታነሳ ስብርባሪው እንዳይበተን ሰፊ ቴፕ ትለጥፍበታለች፣ በፀጉር ማድረቂያ ለብ ታደርጋለች፤ ብዙ ሙቀት ባትሪውን ይጎዳል። ከዚያ ከጥግ ጀምራ የፕላስቲክ ካርድ እያስገባች ዝቅ አድርጋ ትልጣለች። ቢላዋ እጇ ላይ አይታይም።

እህታችን፣ እጅሽ ይባረክ። ከጠረጴዛሽ የሚመለስ ስክሪን ጥቂት ነው፣ እኛንም ከማይጠቅም ንትርክ አድነሽናል።

ወደ እሷ የምትሄዱ ሰዎች ከቨራችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ የከቨሩ ጠርዝ የሚገፋው ፊልም ከጥግ መነሳቱ ስለማይቀር፣ ልኩን አይታ ከዳር ትንሽ አሳጥራ ትቆርጠዋለች። እርጥብ ፊልም ከሆነ ስልኩ እስከ ማግሥቱ እንደማይበራ አስቡበት፣ አስቸኳይ ጥሪ የምትጠብቁበት ቀን አትውሰዱ። ስሟ በአደባባይ እንዲጻፍ ስላልፈለገች፣ በግል ለጠየቀን እንነግራለን።