ለቴሌቪዥን የሚሄድ ቪዲዮ፦ ብርሃኑን በዓይን ወይስ በዌቭፎርም እናስተካክል?

ፒያሳ በሚገኘው ትንሽ የቅንብር ክፍላችን ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሳል። ዌቭፎርም የምስሉን የብርሃን መጠን በግራፍ የሚያሳይ መለኪያ ነው።

ዋጋ፦ ለዓይን ያለን የኮምፒውተር ስክሪን ይበቃል። ዌቭፎርምም ቢሆን እንደ ዳቪንቺ ሪዞልቭ ባሉ የቪዲዮ ማቀናበሪያ ፕሮግራሞች፣ በነጻው ቅጂ ሳይቀር፣ አብሮ ይመጣል።

ቅለት፦ ዓይን ይቀድማል። ግራፍ ማንበብ ልምምድ ይጠይቃል።

ስጋት፦ ዋናው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። ዓይን የክፍሉን ብርሃን ይለምዳል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮት ሲገባ ምስሉ የጨለመ ስለሚመስለን እናደምቀዋለን፤ ማታ ስናየው ነጥቶ እናገኘዋለን። በ8 ቢት የቴሌቪዥን ቪዲዮ (የብርሃን ደረጃ ከ0 እስከ 255 ባለ ቁጥር በሚጻፍበት) ጥቁር 16፣ ነጭ 235 ላይ ይቀመጣል፤ ኮምፒውተር ግን ጥቁርን 0፣ ነጭን 255 ላይ ያደርጋል። ሁለቱ ከተምታቱ ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል፣ ወይም በጥላው ውስጥ ያለው ዝርዝር ይጠፋል። ዓይን ይህን የስክሪኑ ጠባይ ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል፤ ዌቭፎርም ግን ወዲያው ያጋልጠዋል። በመስቀል አደባባይ የተቀረጸ ደመራን አስቡት፦ ነጭ ነጠላ፣ የሚንቦገቦግ እሳት፣ የጠቆረ ሰማይ። የነጠላው ሽመና በንጣት ተውጦ ሲቀር እጅግ ያሳዝነኛል፤ የሸማኔው ድካም ነውና።

ተስማሚነት፦ ምሽቱ ምን ያህል መጨለም እንዳለበት ዌቭፎርም አይነግረንም፤ ያ የዓይን ሥራ ነው። በስልክ ብቻ ለሚታይ አጭር ቪዲዮ ዓይን ይበቃል። ለጣቢያ የሚላክ ፕሮግራም ወይም በብዙ ካሜራ የተቀረጸ ሠርግ ሲሆን ግን መጀመሪያ በዌቭፎርም ልኩን አስይዛለሁ፣ ከዚያ በዓይን እጨርሳለሁ።